አራቱን ግራፎች በአንድ ልኬት

ጥያቄ፦ በጎንደር ከተማ አራት የእንግዳ ማረፊያዎች ባሉት ድርጅት ውስጥ ሪፖርት አዘጋጅ ነኝ። የበጀት ዓመቱን የእንግዳ ቁጥር ለየቅርንጫፉ ከፍዬ በአንድ ገጽ ላይ በአራት ትንንሽ ግራፎች ባቀርብ፣ ሥራ አስኪያጃችን ገጹን እንዳዩ «አዘዞ እኮ ፒያሳን ደርሶበታል» አሉ። እውነቱ ግን በጥር ወር የፒያሳው ቅርንጫፍ 600 እንግዳ ሲያስተናግድ የአዘዞው ያስተናገደው 90 ብቻ ነው። በዚያ ላይ አራቱም ቅርንጫፎች ጳጉሜን ላይ ሥራ ያቆሙ ይመስላሉ። ቁጥሮቹን ደጋግሜ አመሳክሬያለሁ። ጥፋቱ የት ላይ ነው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ያሳሳተው ቁጥሩ ሳይሆን በግራፉ ግራ በኩል የቆመው ልኬት ነው። ኤክሴል የእያንዳንዱን ግራፍ ልኬት ለዚያው ግራፍ እንዲመች አድርጎ በራሱ ስለሚወስን፣ የፒያሳው እስከ 700፣ የአዘዞው እስከ 100 ተመትሮ የሁለቱም የጥር ዓምድ ጣሪያው አጠገብ ደርሷል፤ ሥራ አስኪያጁም የተናገሩት ዓይናቸው ያየውን ነው። የስታትስቲክስ ባለሙያዎቹ ዊሊያም ክሊቭላንድና ሮበርት ማክጊል በ1984 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ ሰው መጠንን አብልጦ በትክክል የሚያነጻጽረው ነገሮቹ በአንድ የጋራ ልኬት ላይ ሲቀመጡለት ነው። ትንንሽ ግራፎችን ጎን ለጎን የምንደረድረው ለማነጻጸር ስለሆነ፣ ልኬታቸው ከተለያየ ባይደረደሩ ይሻል ነበር።

የጳጉሜን ነገር የእኛ የዘመን አቆጣጠር የሚያመጣው ነው። 5 ወይም 6 ቀን ብቻ ያላትን ወር ከ30 ቀን ወሮች እኩል ማቆም ያልነበረ ውድቀት ያሳያል። እኔ ብሆን ጳጉሜንን ከነሐሴ ጋር ደምሬ ለ35 (ወይም ለ36)፣ ሌሎቹን ወሮች ለ30 አካፍዬ በቀን የገባውን አማካይ የእንግዳ ቁጥር አቀርባለሁ፤ ይህንንም ከግራፉ ግርጌ እጽፋለሁ። ያን ጊዜ የፒያሳው ጥር 20፣ የአዘዞው 3 ይሆናል፤ ለአራቱም 25 የጋራ ጣሪያ ይበቃል።

አሠራሩ ቀላል ነው። በመጀመሪያ አንዱን ግራፍ ብቻ ጨርሰው ይሥሩ፤ የቁጥሩን መስመር ሁለቴ ክሊክ አድርገው ዝቅተኛውን 0፣ ከፍተኛውን 25 ብለው ይጻፉ። ከዚያ ግራፉን ሦስት ጊዜ ኮፒ አድርገው በየቅጂው ውስጥ መረጃውን ብቻ ይቀይሩ፤ ልኬቱ እንዳለ ይቆያል። ኤክሴል የእኛን ወሮች እንደ ተራ ጽሑፍ እንጂ እንደ ቀን ስለማያውቃቸው፣ ከሐምሌ ጀምሮ ከ1 እስከ 12 ተራ ቁጥር የሚሰጥ ዓምድ ያስገቡና በእርሱ ይደርድሩ።

የአዘዞው ግራፍ ከወለሉ እንደሚጣበቅ ግልጽ ነው፤ ቅርንጫፉ ትንሽ መሆኑን መደበቅ ግን የሪፖርት ሥራ አይደለም። ሥራ አስኪያጁ ማወቅ የሚፈልጉት እያንዳንዱ ቅርንጫፍ ዕቅዱን ምን ያህል እንዳሳካ ከሆነ፣ አራቱንም በመቶኛ፣ አሁንም በአንድ ልኬት ያቅርቡ፤ በዚያ ገጽ ላይ አዘዞ ፒያሳን ሊበልጥ ይችላል፣ ቢበልጥም ተገቢው ነው።

አቀማመጡም በሚጠየቀው ጥያቄ ይወሰናል። የቅርንጫፎቹን ከፍታ ለማነጻጸር ጎን ለጎን ያድርጓቸው። ጥምቀት ከተማችንን በሚሞላበት በጥር የትኛው ቅርንጫፍ ከፍ እንዳለ፣ የትኛው እንዳልተነካ ለማሳየት ግን አንዱን ከሌላው በታች ይደርድሩ፤ አራቱ ጥሮች በአንድ መስመር ስለሚወርዱ በማስመሪያ ቢያዩአቸው እንኳ አይዛነፉም።