ስብሰባ ላይ ዝምታ፣ ኮሪደር ላይ ክርክር፦ ሰው ስለ መምራት የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ለዚህ ዙር ሰባት ጥያቄዎችን መርጠናል። ከጠያቂዎቹ የሚበዙት ሰው መምራት ከጀመሩ ብዙም ያልቆዩ ናቸው። ጥያቄዎቹ ቢለያዩም አብዛኞቹ ውስጥ አንድ ጉዳይ አለ፦ መጥፎ ወሬ ወደ ኃላፊው ጆሮ የሚደርሰው በጊዜ ነው ወይስ ነገሩ ከተበላሸ በኋላ?

ጥያቄ፦ ስምንት ሰዎች ያሉበት ቡድን እመራለሁ። በየሳምንቱ ስብሰባ መጨረሻ ላይ «አስተያየት ያለው?» ብዬ እጠይቃለሁ፤ ሁሉም ዝም ይላል። ከክፍሉ ስንወጣ ግን ኮሪደር ላይ ሁለት ሦስት እየሆኑ ስለዚያው ጉዳይ ሲከራከሩ እሰማለሁ። ፊት ለፊት እንዲናገሩ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ኮሪደር ላይ የሚከራከር ሰው ሐሳብ አላጣም። ያላወቀው፣ ሐሳቡን እርስዎ ፊት ቢያወጣው ምን እንደሚከተለው ነው። ስለዚህ «በነፃነት ተናገሩ» የሚለው ማበረታቻ ብዙም አይሠራም፤ መለወጥ ያለበት የስብሰባው አካሄድ ነው።

መጀመሪያ ጥያቄው የሚቀርብበትን ሰዓት ይመልከቱ። ሰው ደብተሩን እየሰበሰበ ሳለ የሚጠየቅ አስተያየት «እንውጣ ወይስ እንቆይ?» ከማለት አይለይም። ከዚያ በፊት ለ20 ደቂቃ የሚደግፉትን አቋም ሲያብራሩ ከቆዩ ደግሞ፣ ጥያቄው በሰዎቹ ጆሮ «ማን ነው የሚቃወመኝ?» ሆኖ ነው የሚሰማው።

በሚቀጥለው ስብሰባ እንዲህ ይሞክሩ። ውሳኔ የሚፈልገውን ጉዳይ በመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ያንሡ። ችግሩን ብቻ ይናገሩ፤ የራስዎን ሐሳብ ለጊዜው ያቆዩት። ለሁሉም 3 ደቂቃ ሰጥተው ሐሳባቸውን ወረቀት ላይ እንዲጽፉ ያድርጉ። ከዚያ ለቡድኑ አዲስ ከሆነው ሰው ጀምሮ እያንዳንዱ የጻፈውን በየተራ እንዲያነብ ያድርጉ። የተነበበውን ሁሉ ሳይተቹ ሰሌዳ ላይ ያስፍሩት። እርስዎ የሚናገሩት መጨረሻ ላይ ነው። መጻፉ ለምን አስፈለገ ቢሉ፣ የመጀመሪያው ተናጋሪ ሌሎቹን ወደ ራሱ ሐሳብ እንዳይስብ ነው። አስቀድሞ የጻፈ ሰው የጻፈውን ያነባል እንጂ «እኔም እንደ እሱ ነኝ» ብሎ አያልፍም።

«አስተያየት ያለው?» የሚለውንም ይተዉት። በምትኩ «ይህ ዕቅድ ከሦስት ወር በኋላ ከሸፈ እንበል፤ ያከሸፈው ምን ይሆናል?» ብለው ይጠይቁ። ያኔ እንከን መፈለግ እርስዎን መቃወም መሆኑ ይቀርና የተሰጠ ሥራ ይሆናል። ጠይቀው ሲያበቁ በልብዎ እስከ አሥር ይቁጠሩ። ዝምታው ከብዶዎት ራስዎ ከመለሱ ጥያቄው አብሮ ይሞታል።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚነሡት ትናንሽ ነገሮች ይሆናሉ፦ የስብሰባ ሰዓት፣ የማተሚያው መበላሸት። አይናቋቸው፤ ሰዎቹ እርስዎን እየፈተኑ ነው። አንዱ «ይህ ጊዜ አይበቃንም» ሲል የሁሉም ዐይን የሚያርፈው እርስዎ ፊት ላይ ነው። «ሌሎቹ ክፍሎች እንዴት ቻሉ?» ካሉ ለወራት የደከሙበት በዚያች ቅጽበት ይፈርሳል። «የትኛው ክፍል ነው ያሰጋህ?» ካሉ ሁለተኛው ሰው አፉን ይከፍታል። ሐሳቡን የማይቀበሉት ከሆነ ምክንያቱን በሁለት ቀን ውስጥ ይንገሯቸው። አለዚያ «ለይስሙላ ነው የሚጠይቀን» ይላሉ፤ አልተሳሳቱም።

ዝምታ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ከአቪየሽን ታሪክ መማር ይቻላል። እ.ኤ.አ. ማርች 27 ቀን 1977 በቴኔሪፍ ደሴት ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች በጉም ውስጥ መንደርደሪያው ላይ ተጋጭተው 583 ሰዎች ሞቱ። ምክንያቶቹ ብዙ ነበሩ። ከእነዚህ አንዱ ግን እዚህ ይነሣል። ለመነሣት በሚንደረደረው አውሮፕላን ውስጥ የነበረው የበረራ መሐንዲስ፣ ሌላው አውሮፕላን ከመንደርደሪያው መውጣቱን ተጠራጥሮ ጠይቆ ነበር። ብዙ ልምድ የነበረው ካፒቴን መውጣቱን በእርግጠኝነት መለሰለት፤ መንደርደሩም ቀጠለ። በኋላ አየር መንገዶች የበታች የበረራ ሠራተኞች ሥጋታቸውን በግልጽ እንዲናገሩ፣ ካፒቴኖች ደግሞ እንዲሰሙ ማሠልጠን ጀመሩ። ሥልጠናው ለሁለቱም ወገን መሆኑን ልብ ይበሉ። ብዙ መሥሪያ ቤት የሚሳሳተው የበታቹን ብቻ «ደፋር ሁን» ብሎ ሲመክር ነው።

ጥያቄ፦ ከቡድኔ ሁሉ የላቀ ውጤት የሚያመጣ ባለሙያ አለ፤ ግን ባልደረቦቹን ሰው ፊት ያዋርዳል። ብናገረው ይለቅብኛል ብዬ እፈራለሁ።

መልስ፦ አይተው ባለፉት ቁጥር ሌሎቹ የሚማሩት አንድ ነገር ነው፦ ውጤት ካመጣህ እዚህ ቤት ሰው ማዋረድ ይፈቀድልሃል። የእሱን ውጤት ሲደምሩ ከጎኑ ያለውን ኪሳራም ይቁጠሩ፤ እሱን ላለመጠየቅ ሲል ሁለት ቀን ብቻውን የሚዳክር ጀማሪ፣ ስህተት አይታ ዝም የምትል ባልደረባ፣ ዝውውር የጠየቀ ሰው።

ለብቻው ያነጋግሩት፤ ድርጊቱ በተፈጸመ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ፣ ራስዎ ያዩትን አንድ ነገር ይዘው። «ጸባይህ አስቸግሯል» አይበሉት። ስለ ጸባይ ማለቂያ የሌለው ክርክር ይነሣል፤ ዐይንዎ ስላየው ድርጊት ግን ብዙ አያከራክርም። ለምሳሌ፦ «ማክሰኞ ስብሰባ ላይ ባልደረባህ ቁጥሩ ለምን እንደተዛባ ስታስረዳ አቋርጠህ ‹ይህንንማ ሕፃን ልጅም ያውቀዋል› አልካት። ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው አንድ ቃል አልተናገረችም። ሪፖርቱ ላይ የነበረውን ሁለተኛውን ስህተት ያገኘነው ሐሙስ ነው፤ እሷ ግን ማክሰኞ ታውቀው ነበር። አንተ ነገሩን እንዴት አየኸው?» ከዚህ በኋላ ዝም ይበሉ።

«ስለምትደጋግም ነው እኮ» ብሎ ይከላከል ይሆናል። ወደዚያ አይከተሉት። «ስህተቷን ማረም ትችላለህ፤ ሰው ፊት ማዋረድ ግን አይቻልም» ይበሉና የሚጠብቁትን በተግባር ይናገሩ፦ ሰው ሲናገር አያቋርጥም፤ እርማቱ ስለ ሥራው እንጂ ስለ ሰውየው አይሆንም። የተነጋገራችሁትን በዚያው ዕለት በአጭሩ ጽፈው ይስጡት። ለስምንት ሳምንት በየሁለት ሳምንቱ ተገናኝታችሁ እዩት። ለውጥ ከሌለ ቀጣዩ ደረጃ የመሥሪያ ቤቱ የዲሲፕሊን ደንብ ነው፤ ይህንንም ገና ከመጀመሪያው ማወቅ ይገባዋል።

ኃላፊዎች ከዚህ ንግግር የሚያመልጡበት አንድ የተለመደ መንገድ አለ፤ ሁሉንም ሰብስቦ «አንዳንድ ሰዎች መከባበርን ረስተዋል» ማለት። የሚመለከተው ሰው ስለ ሌላ የተነገረ ይመስለዋል፤ ምንም ያላጠፋችው ደግሞ «እኔን ይሆን?» እያለች ስታስብ ታድራለች። እባክዎ ይህን አያድርጉ።

መልቀቁን በተመለከተ፣ ሊለቅ ይችላል። ስለዚህ ከመነጋገራችሁ በፊት እሱ ብቻ የሚያውቀውን ሥራ ዘርዝረው ሁለተኛ ሰው ማለማመድ ይጀምሩ። ይህ እሱ ቢቆይም የሚያስፈልግ ነው።

ጥያቄ፦ ከእያንዳንዱ ሠራተኛ ጋር ለብቻ መገናኘት ጀምሬ ነበር። ነገር ግን «ሥራው የት ደረሰ?» ከማለት አላለፈም። ልተወው?

መልስ፦ አይተዉት፤ ይዘቱን ይለውጡ። ሥራ የት እንደደረሰ በጽሑፍም ይታወቃል። በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ 30 ደቂቃ ይበቃል፦ የመጀመሪያው 15 የሠራተኛው ነው፣ ቀጣዩ 10 የእርስዎ፣ የመጨረሻው 5 ማን ምን እንደሚያደርግ መጻፊያ። መጀመሪያ ላይ «የማነሣው የለኝም» ቢልዎት «በዚህ ሳምንት ሥራህን ያዘገየብህ ምን ነበር?» ወይም «እኔ ባቆመው ሥራህ የሚቀልልህ ነገር አለ?» ብለው ይጠይቁ። ሁለተኛው ጥያቄ እውነተኛ መልስ የሚያገኘው ሦስተኛ አራተኛ ጊዜ ሲጠየቅ ነው፤ አይሰልቹ። ቀጠሮውን ማዛወር ከግድ ሲሆን ይቻላል፤ መሰረዝ ግን አይገባም። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ገጽ ይክፈቱና ቃል የገቡለትን ይጻፉበት። እነዚህ ውይይቶች የሚሞቱት ባብዛኛው «አጣራለሁ» ተብሎ ሳይጣራ ሲቀር ነው።

ጥያቄ፦ እስከ ባለፈው ወር ባልደረቦቼ የነበሩትን እንድመራ ተሾምኩ። ጓደኝነቴን ላቋርጥ?

መልስ፦ አያቋርጡ፤ ግን የተለወጠውን ነገር በአፍዎ ይናገሩት። በመጀመሪያው ሳምንት እያንዳንዳቸውን ለብቻ አግኝተው ሦስት ነገር ይንገሯቸው፦ ከእንግዲህ የሥራ ምዘናቸውን የሚሞሉት እርስዎ እንደሆኑ፣ የማይነግሯቸው ጉዳይ ሊኖር እንደሚችል፣ ስለ ሌላ ባልደረባ የሚነገር ሐሜት ውስጥ እንደማይገቡ። ለቦታው አብሮ የተወዳደረ ሰው ካለ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት እሱን ቀድመው ያናግሩ። ማጽናናት አያስፈልገውም፤ ምን ዓይነት ሥራ መያዝ እንደሚፈልግ ይጠይቁት። አዲስ ተሿሚ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው ከሁለቱ ባንዱ ነው፦ አለቃነቱን ለማሳየት ይጨክናል፣ ወይም ላለመቀያየም ለጓደኞቹ ሌሎች የማያገኙትን ፈቃድ ይሰጣል። ሁለተኛው ቀስ ብሎ ነው የሚጎዳው፤ የተበደሉት የሚነግሩት ለእርስዎ ሳይሆን ለእርስ በርሳቸው ነውና።

ጥያቄ፦ ለደንበኛ የተሳሳተ ሰነድ ተልኮ ኪሳራ ደረሰ። ማን እንዳጠፋ ሳላውቅ ማለፍ አለብኝ?

መልስ፦ ማንነቱን ማወቅዎ አይቀርም፤ ጥያቄው ከየት እንደሚጀምሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ኤሚ ኤድመንድሰን የተባሉ ተመራማሪ በሆስፒታል ቡድኖች ውስጥ የመድኃኒት አሰጣጥ ስህተትን ሲያጠኑ፣ ጥሩ ቡድኖች ትንሽ ስህተት እንደሚኖራቸው ጠብቀው ነበር። ቁጥሩ ግን በተቃራኒው በጥሩዎቹ ቡድኖች በዝቶ ተገኘ። ለዚህ የደረሱበት ማብራሪያ፣ እነዚያ ቡድኖች ይበልጥ ስለሚሳሳቱ ሳይሆን የተሳሳቱትን ስለማይደብቁ ነው የሚል ነበር። በማስፈራራት የሚቀንሰው ብዙ ጊዜ ሪፖርቱ ነው፤ ስህተቱ ባለበት ይቀጥላል።

ነገሩ ትኩስ ሳለ፣ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ፣ ሥራውን የነኩትን ሁሉ ሰብስበው የአሜሪካ ጦር ከልምምድ በኋላ የሚጠቀምባቸውን አራት ጥያቄዎች ይጠይቁ፦ ምን እንዲሆን ታቅዶ ነበር? በተግባር ምን ሆነ? ልዩነቱ ከየት መጣ? በሚቀጥለው ምኑን እንያዝ፣ ምኑን እንለውጥ? ሦስተኛው ላይ ይቆዩ። «በግዴለሽነት ነው» የሚል መልስ ከመጣ ገና አልደረሳችሁም፤ «እንዴት ሊሆን ቻለ?» ብለው አንድ እርምጃ ይግፉት። ረቂቁና የጸደቀው ሰነድ በአንድ ስም ባንድ ፎልደር ተቀምጠው ይሆናል። የሚያረጋግጠው ሰው ያን ዕለት ፈቃድ ላይ ሆኖ ተተኪ አልተመደበም ይሆናል።

መፍትሔው የአንድ ሰው ስምና ቀን ይኑረው። «ከእንግዲህ እንጠነቀቃለን» መፍትሔ አይደለም። «ረቂቅ ሁሉ በሌላ ፎልደር ይቀመጣል፤ እስከ ዓርብ አልማዝ ታስተካክለዋለች» መፍትሔ ነው።

በየዋህነት የተፈጠረን ስህተት አውቆ ደንብ ከመጣስ ወይም ከመደበቅ መለየት ግን የግድ ነው። ለመለየት የሚረዳው ጥያቄ ይህ ነው፦ ሌላ ጥሩ ሠራተኛ በዚያው ቦታ ቢሆን ኖሮ ሊሳሳት ይችል ነበር? አዎ ከሆነ የሚታረመው አሠራሩ ነው። የደበቀ ሰው ካለ ግን በደንቡ ይጠየቅ፤ ሌሎቹም በምን ምክንያት እንደተጠየቀ ይወቁ፤ ሰውየው የተጠየቀው በመሳሳቱ እንዳይመስላቸው።

ጥያቄ፦ የሰጠሁት ሥራ ሁሉ ዞሮ ወደ እኔ ይመለሳል። በመጨረሻ ራሴው እሠራዋለሁ።

መልስ፦ ሥራውን ሲሰጡ ውሳኔውን አልሰጡ ይሆናል። ሲያስረክቡ አራት ነገር ይናገሩ፦ ሲያልቅ ምን እንደሚመስል፣ እስከ መቼ፣ ሳይጠይቅ ሊወስን የሚችለው የቱ እንደሆነ፣ ቀድሞ ሊያማክርዎት የሚገባው የቱ እንደሆነ። ከዚያ በራሱ ቃል መልሶ እንዲነግርዎት ያድርጉ፤ አለመግባባቱ የሚታየው እዚያ ላይ ነው። የመጀመሪያውን ምልከታ ሥራው ሩብ ላይ ሲደርስ ያድርጉት። መጨረሻ ላይ ብቻ የሚያይ ኃላፊ ወይ ያስፈርሳል ወይ ራሱ ይሠራል። «ምን ላድርግ?» ብሎ ሲመጣ ሁለት አማራጭና የሚመርጠውን ይዞ እንዲመጣ ይጠይቁት። መረጃው ከእርስዎ ዘንድ ብቻ ያለ ከሆነ ግን ዝም ብለው ይንገሩት።

ጥያቄ፦ ማታ የሚመጣልኝን ሐሳብ እንዳልረሳው ወዲያው ለሠራተኞቼ እልካለሁ። «እስከ ነገ አትመልሱ» እላቸዋለሁ፤ ግን ይመልሳሉ።

መልስ፦ ይመልሳሉ፤ የላከው አለቃቸው ነዋ። መልእክቱን ይጻፉት፣ ግን ጠዋት ሥራ ሲጀመር እንዲደርስ ሰዓት ሞልተው ያቆዩት፤ አብዛኞቹ የኢሜይል አገልግሎቶች ይህን ያደርጋሉ። አስቸኳይ ማለት ምን እንደሆነ ከቡድኑ ጋር በአንድ ዓረፍተ ነገር ተስማሙ፤ አስቸኳይ የሆነው በስልክ ጥሪ ብቻ ይምጣ። ከአንድ ወር በኋላ ማታ የተደወሉትን ጥሪዎች ቁጠሩና የትኞቹ እስከ ጠዋት መቆየት ይችሉ እንደነበር አብራችሁ እዩ።