ሜጀር ሪቪዥን ለመጣላችሁ ልጆች

ደሴም ሁኑ ኮምቦልቻ ወይም ወልድያ፣ የመጀመሪያ የምርምር ጽሑፋችሁን ለጆርናል ልካችሁ የገምጋሚ አስተያየት ሲመጣ ፊታችሁ እንደሚጠቁር አውቃለሁ። «ሰውዬው ጽሑፉን በደንብ አላነበበውም» ትላላችሁ። አብሽሩ! ሜጀር ሪቪዥን ማለት «ብዙ አስተካክላችሁ መልሳችሁ ላኩ» ነው እንጂ እምቢታ አይደለም። ስንቱ ጽሑፍ እዚያ እንኳ ሳይደርስ፣ ከጆርናሉ ጋር አይሄድም ወይም አዲስ ነገር የለውም ተብሎ ከኤዲተሩ ይመለሳል።

ኤዲተሩ ካሳለፈው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት የዘርፉ ሰዎች ጋብዞ ያስነብበዋል። እነዚህ ሰዎች በአብዛኛው አምስት ሳንቲም አይከፈላቸውም። ከማስተማሩም ከምርምሩም ጊዜ ቀንሰው ነው የሚያነቡላችሁ። መልሱ ወራት የሚፈጀው አንድም ለዚህ ነው። ደግሞ ገምጋሚ ይመክራል እንጂ አይወስንም። አንዱ ይውጣ፣ ሌላው ይቅር ሲል የሚዳኘው ኤዲተሩ ነው።

እንበልና የቦርከናን ወንዝ ውሃ አጠናችሁ። ናሙናው የተቀዳው በበጋ ብቻ ነው። ርዕሳችሁ ግን «የቦርከና ወንዝ የውሃ ጥራት» ብሎ ቁጭ! ገምጋሚው «ክረምት ወንዙ ሲሞላስ?» ብሎ ይጠይቃል። እዚህ ላይ ብዙ ልጆች ወይ ሙግት ይገጥማሉ፣ ወይ «አስተያየቱን ተቀብለን አስተካክለናል» ብለው በአንድ መስመር ያልፋሉ። ሁለቱም አያዋጣም። የገምጋሚውን ጥያቄ የመልስ ደብዳቤያችሁ ላይ እንዳለ ገልብጡት። ከሥሩ መልሳችሁን ጻፉ። ማስተካከያው በስንተኛው ገጽ፣ በስንተኛው መስመር እንዳለ ንገሩት። ክረምት ጠብቃችሁ መቅዳት ከቻላችሁ ቅዱ። ካልቻላችሁ ርዕሱ ላይ «በበጋ ወራት» የሚል ጨምሩ፣ ድምዳሜውንም በዚያው ልክ አጥብቡ፣ የጥናቱን ውስንነት በግልጽ አስፍሩ። ገምጋሚው ራሱ ከተሳሳተም ማስረጃ አቅርቦ «አይ» ማለት ይቻላል። በጨዋ ደንብ ነው ታዲያ። እኔ ስገመግም መጀመሪያ የማየው ይህንኑ የመልስ ደብዳቤ ነው። እሱ ከተድበሰበሰ ጽሑፉንም በጥርጣሬ ነው የማነበው።

መገምገም ያበሳጨው ደግሞ እናንተን ብቻ አይደለም። አይንስታይን እ.ኤ.አ. በ1936 ከረዳቱ ናታን ሮዘን ጋር ሆኖ የስበት ሞገድ (ስበት በህዋ ውስጥ የሚያስነሳው ሞገድ) የለም የሚል ጽሑፍ ለፊዚካል ሪቪው ላከ። ኤዲተሩ ጆን ቴት ለገምጋሚ ሰጠው፤ ገምጋሚውም ስህተት አገኘበት። አይንስታይን «ሳልፈቅድ ለምን ለሌላ ሰው አሳያችሁ?» ብሎ ጽሑፉን መልሶ ወሰደ። በ1937 በሌላ ጆርናል ሲወጣ ግን ድምዳሜው ተቀይሮ ነበር። ያ ገምጋሚ ሃዋርድ ሮበርትሰን መሆኑ በይፋ የታወቀው ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ ነው። ሞገዱም በ2015 በመሣሪያ ተያዘ።

ይህን ስል ግምገማ ሁሉን ያጣራል እያልኩ አይደለም። ገምጋሚ የሚያየው የጻፋችሁትን እንጂ የመስክ ደብተራችሁን አይደለም። ላንሴት የተባለው የሕክምና ጆርናል እ.ኤ.አ. በ1998 ኤምኤምአርን (የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የሩቤላ ክትባትን) ከኦቲዝም ጋር ያያያዘውን ጽሑፍ አሳትሞ፣ ሙሉ በሙሉ የሰረዘው በ2010 ነው።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። ፕሮሞሽን (የማዕረግ ዕድገት) ሲደርስ «ክቡር ፕሮፌሰር፣ ድንቅ ሥራዎን በሦስት ቀን እናትምልዎታለን» የሚል ኢሜይል ይመጣል። መምህር ሆናችሁ ሁለት ዓመት አልሞላችሁም፤ ማነው ፕሮፌሰር ያደረጋችሁ? ላኪዎቹ ዶላሩን ይቀበላሉ፣ ጽሑፉን የሚያነበው የለም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ከመላካችሁ በፊት የኤዲተሮቹን ስም ፈልጉ፣ እውነተኛ ሰዎች ናቸው? ክፍት ጆርናል (ማንም በነፃ የሚያነበው) ከሆነ ዶአጅ (DOAJ) በሚባለው የክፍት ጆርናሎች ማውጫ ላይ አለ? ያሳተማቸውንስ ሁለት ሦስት ጽሑፎች አንብባችኋል? ገንዘቡ ከሆነ የከበዳችሁ፣ ብዙ ደህና አሳታሚዎች ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው አገሮች ለሚላክ ጽሑፍ ክፍያውን ይቀንሳሉ ወይም ይተዋሉ። ጽሑፉን ስትልኩ ጠይቁ። መጠየቅ አያሳፍርም።

አንድ ሁለት ካሳተማችሁ በኋላ ደግሞ የመገምገም ግብዣው ወደ እናንተ ይዞራል። ጊዜ ካላችሁ ተቀበሉ። የጽሑፉ ባለቤት የምታውቁት ሰው ከሆነ ለኤዲተሩ ንገሩ። ጽሑፉን ለጓደኛ አታሳዩ፣ ገና አልታተመም። ካልተመቻችሁም በዚያው ቀን «አልችልም» ብላችሁ የሚችል ሰው ጠቁሙ። ዝም ብላችሁ አትክረሙ፤ እዚያ ማዶ እንደናንተው ኢሜይሉን በየሰዓቱ የሚከፍት ልጅ አለ።