የአንጎል ምስል የመርሳት በሽታን አስቀድሞ ያሳያል? ጠይቁ

የአንጎል ምስል የማነብ ሐኪም ነኝ። ከወዲሁ ልበል፦ ምስል ብቻውን ፍርድ አይሰጥም።

ጥያቄ፦ እናቴ 71 ዓመቷ ነው። ትረሳለች፤ ቤቷን ግን ራሷ ታስተዳድራለች። የኤምአርአይ ውጤቷ «ለዕድሜዋ የሚጠበቅ የአንጎል መኮማተር» ይላል። እንስጋ?

መልስ፦ ይህቺ ዓረፍተ ነገር ታናድደኛለች፤ ምንም አትነግርም። አንጎልን ከጆሮ እስከ ጆሮ በሚያሳየው ምስል ላይ ሦስት ነገር ይታያል፦ በሂፖካምፐስ (ለማስታወስ ዋና በሆነው የአንጎል ክፍል) ዙሪያ ያለው ስንጥቅ መስፋቱ፣ ከጎኑ ያለው የፈሳሽ ቦታ መለጠጡ፣ የሂፖካምፐሱ ቁመት ማጠሩ። ከዚያ ለመኮማተሩ ከ0 እስከ 4 ነጥብ ይሰጣል፤ ከፍ ባለ ቁጥር የባሰ ነው። በተለመደው አነባበብ ከ75 ዓመት በታች 2 ራሱ ያሳስባል፤ ከዚያ በላይ 3 ሲሆን ነው። የግራና የቀኙን ነጥብ ጠይቁ። 3 ቢሆንም ፍርድ አይደለም። የማስታወስ ችግር ይዘው ክሊኒክ ከሚመጡ 100 ሰዎች በዓመት ከ10 እስከ 15 ያህሉ ወደ መርሳት በሽታ ይሻገራሉ። ነጥቡ ዕድሉን ከፍ ያደርጋል እንጂ ቀን አይቆርጥም።

ጥያቄ፦ ፔት ስካን አይሻልም?

መልስ፦ የትኛው? አንጎል ስኳር እንዴት እንደሚጠቀም የሚያሳየው የግሉኮስ፣ ወይስ በአልዛይመር (በብዛት በሚታየው የመርሳት በሽታ) አንጎል ውስጥ የሚጠራቀሙትን ፕሮቲኖች የሚያሳዩት የአሚሎይድ ወይም የታው?

አባል፦ አሚሎይድ ከታየማ አለቀ።

ሌላ አባል፦ ማን አለህ? አባቴ ከታየበት ዓመታት አልፈዋል፣ ዛሬም ሒሳቡን ራሱ ይይዛል።

አባል፦ ታዲያ ማወቁ ምን ጠቀመው? ጭንቀት ነው።

ሌላ አባል፦ ሌካኔማብ (የአልዛይመርን መባባስ የሚያዘገይ መድኃኒት) የሚሰጠው አሚሎይድ ለተረጋገጠለት ሰው ነው፤ ሳያውቁ እንዴት?

መልስ፦ ክርክሩን ሌላ ቦታ። ከጤነኛ አረጋውያንም ጥቂት የማይባሉት አሚሎይድ አላቸው። የምርመራው ጉልበት በተቃራኒው ነው፦ ካልታየ፣ መርሳቱ ከአልዛይመር የመጣ የመሆኑ ዕድል በጣም ትንሽ ነው፤ ሌላ ምክንያት ይፈለግ።

ጥያቄ፦ ሲቲ ስካን ይበቃል?

መልስ፦ ለደም መፍሰስ፣ ለዕጢና ለፈሳሽ መጠራቀም፣ አዎ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ይረሳል። የአንጎል ምስል ይነሳ?

መልስ፦ ዕድሜው? ከመቼ ጀምሮ? ቫይታሚን ቢ12፣ ታይሮይድ፣ ድባቴ፣ የእንቅልፍ መድኃኒት ታይተዋል? እነዚህ ሳይታዩ ስለ ምስል አትጠይቁኝ።

ጥያቄ፦ ምን እንብላ?

መልስ፦ ሙያዬ አይደለም።

ጥያቄ፦ ኤምአርአዬ ንጹህ ነው። አይዘኝም ማለት ነው?

መልስ፦ ደግሜ ልበል? ምስል ብቻውን ፍርድ አይሰጥም! በሽታው ሲጀምር ሂፖካምፐስ ጤነኛ ሊመስል ይችላል። መርሳቱ ከባሰ በዚያው ማሽን ይድገሙና ሁለቱ ጎን ለጎን ይነበቡ። ምስሉ ያለበትን የአሁኑን ሲዲ አይጣሉ፤ የውጤቱ ወረቀት ብቻውን አይረዳኝም።