መልስ፦ የካሮብ ዱቄቴ ለምን አሸዋ አሸዋ ይላል?

እህቴ፣ ከካሮብ ዛፍ (በዕብራይስጥ ሃሩቭ) ለቅመሽ የፈጨሽው ውስጡ ያለውን ፍሬ ነው፤ አሸዋ አሸዋ ያለሽም ለዚህ ነው። እንደ ካካዋ የሚጣፍጠው ፍሬዎቹን የያዘው ቡናማው ቅርፊት ነው። ፍሬው ድንጋይ ነው፤ የቡና መፍጫሽንም ያበላሽብሻል።

ቅርፊቱን እጠቢና ትንሽ ቀቅለሽ አለስልሺው። ሰንጥቀሽ ፍሬውን ልቀሚ። የቀረውን ቆራርጠሽ በደንብ አድርቂ፤ ስታጥፊው ቀጭ ብሎ መሰበር አለበት፣ አለዚያ መፍጫው ላይ ይለጠፋል። ከዚያ ለስ ባለ እሳት ቁዪው፣ ፍጪው፣ በወንፊት ንፊው። በካካዋ ፋንታ ስትጠቀሚ ስኳር ቀንሺ፤ ራሱ ጣፋጭ ነው። ካፌይን ስለሌለው ለልጆች ማታም በወተት ይሆናል።

አቆላሉ ላይ ግን አደራ! ስኳሩ ብዙ ስለሆነ ከቡና ቶሎ ያርራል። አጠገቡ ቁሚ፤ ሽታው ካራሜል ካራሜል ሲል ወዲያው አውጪው። ካረረ ይመርራል፣ ማርም አያድነውም።