አንድ ጠመንጃ ለአደንም ለዒላማም፦ የአዳማው ሹፌር ጥያቄ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምኖረው አዳማ ነው፤ ዕድሜዬ 34 ነው። ላለፉት አራት ዓመታት ለአንድ የአደን ድርጅት መኪና ስነዳ ቆይቻለሁ። ዘንድሮ አሠሪዬ «ዱካ መከተሉን ለምደሃል፤ ለአደን መሪነት ፈቃድ ተዘጋጅ፤ የራስህን መሣሪያም በሕጋዊ መንገድ እናስመጣልህ» አለኝ። ገንዘቤ የሚበቃው ለአንድ ጠመንጃ ብቻ ነው። ሥራ ላይ እንዲያገለግለኝ፣ ሥራ በሌለበት ወቅት ደግሞ ዒላማ እንድለማመድበት እፈልጋለሁ። አንዱ «375 ግዛ» ይለኛል፤ ሌላው «22 ይበቃሃል» ይላል፤ የሰፈር ጓደኞቼ ደግሞ ከክላሽ ወዲያ ላሳር ብለው ይከራከሩኛል። ምን ልግዛ?

— ባለ ላንድክሩዘሩ፣ ከአዳማ

መልስ፦ ወንድሜ፣ መልሱን አስቀድሜ ልንገርህና ምክንያቱን ቀስ ብዬ ላስረዳህ። በእጅ የሚቀባበል፣ መካከለኛ ክብደት ያለው 308 ዊንቸስተር ግዛ። 308ም ሆነ 375 ወይም 22፣ ቁጥሩ ጠመንጃው የሚጎርሰው የጥይት ዓይነት መጠሪያ ነው። ጥሩ 30-06 ከተገኘም አትለፈው። ውድ ጠመንጃ ገዝተህ ጥይት ከምታጣ፣ ደህናውን ገዝተህ የተረፈህን ገንዘብ ለጥይት አውለው።

የፈቃዱ ነገር ግን ከሁሉ ይቅደም። በ2012 የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ መግዛትንም፣ መያዝንም፣ ከውጭ ማስገባትንም ይከለክላል። ስለዚህ «እናስመጣልህ» የሚለው ቃል በወረቀት እስኪለወጥ ድረስ ቀብድ እንዳትከፍል። ጠመንጃው ሲመጣም ብረቱ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ፈቃዱ ላይ ካለው ጋር ራስህ አንድ በአንድ አመሳክር። መሣሪያ የመያዝ ፈቃድ ደግሞ የማደን ፈቃድ አይደለም። የአደኑ ጉዳይ የሚመለከተው የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንን ነው፤ የትኛው እንስሳ፣ በየትኛው የአደን ቀበሌ፣ ስንት እንደሚፈቀድ በጽሑፍ ይሰጣል። አራት ዓመት ስለነዳህ ይህን ታውቀዋለህ፤ ሌላው አንባቢ እንዲያውቀው ነው የጻፍኩት።

አሁን ወደ ጓደኞችህ ክርክር ልግባ። ክላሽ የጦር ሜዳ መሣሪያ ነው። በገበያ የሚዞረው ጥይቱም ሙሉ በሙሉ በመዳብ የተለበጠ የወታደር አረር ነው። እንዲህ ያለ አረር ሥጋ ውስጥ ሲገባ አይከፈትም፤ ቀጭን ቀዳዳ በስቶ ይወጣል። እንስሳው ወዲያው አይወድቅም፤ ሮጦ ጫካ ይገባና እዚያ ተሰቃይቶ ይሞታል። የአደን አረር ግን ጫፉ ለስላሳ ነው፤ ሲመታ እንደ እንጉዳይ ይከፈትና በአጭር ጊዜ ይገድላል። ይህን ያልለየ ሰው ጠመንጃ ስለ መምረጥ ባያወራ እመርጣለሁ።

22 የሚሉህ ግማሽ እውነት አላቸው። ለዒላማ ልምምድ ከእሱ የሚሻል የለም። ድምፁ ትንሽ ነው፣ አይረግጥም፣ ጥይቱ ርካሽ ነው። በኦሎምፒክ የ50 ሜትር ውድድር የሚተኮሰውም በ22 ሎንግ ራይፍል ነው፤ የአሥር ነጥቧ ክብ ስፋት 10.4 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ነገር ግን አረሩ 2.6 ግራም ገደማ ነው፤ ፍጥነቱም በሰከንድ ከ330 ሜትር ብዙ አይርቅም። የ308 አረር 9.7 ግራም ሆኖ በሰከንድ እስከ 860 ሜትር ይወነጨፋል። ኃይላቸውን ብናነጻጽር ከሃያ እጥፍ በላይ ይለያያሉ። በ22 ድኩላ ላይ መተኮስ ማቁሰል ነው። ትንሽ ናት ብለህም እንዳትንቃት፤ ያቺ ትንሽ አረር ከአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ልትሄድ ትችላለች። ከኋላዋ የአፈር ግድግዳ በሌለበት ቦታ አትተኮስም።

375 ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ ከ1912 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአፍሪካ የኖረ፣ የተከበረ ጥይት ነው። ብዙ አገሮች ለጎሽ ከዚህ በታች አይፈቅዱም። ወደ ኦሞ በኩል ጎሽ ያለበት ቆላ ከወረድክ እሱን መያዝ አለብህ፤ ያን ጊዜ የድርጅቱን ከባድ ጠመንጃ ተሸከም። ለራስህ ለአንዱ ጠመንጃህ ግን አልመክርህም። ለምን እንደሆነ ያየሁትን ልንገርህ።

በሙኔሳ ደን የአደን ካምፕ ለሃያ ሁለት ዓመት መጀመሪያ ጠመንጃ ተሸካሚ፣ ኋላም ዱካ መሪ ሆኜ ሠርቻለሁ። አንድ ዓመት አንድ እንግዳ በጣም ኃይለኛ ጠመንጃ ይዞ መጣ፤ ገና አዲስ ነበር። እንደ ደንቡ ከአደኑ በፊት ዒላማ ላይ አስተኮስነው። እኔ ባይኖኩላር ይዤ ከጎኑ ቆሜ ነበር። አንደኛዋ ጥይት ደህና ሄደች። በሁለተኛዋ ትከሻው ገና ሳይመታ ወደ ኋላ ሸሸ። በሦስተኛዋ ካርቶኑን ትቼ እሱን ማየት ጀመርኩ፤ ጣቱ ምላጩን ሲጫን ዓይኖቹ ቀድመው ተጨፈኑ። ለአለቃዬ በጆሮው ነገርኩት። እሱም ለእንግዳው ሊነግረው አፍሮ ዝም አለ።

በማግስቱ ጠዋት ከአስታው ቁጥቋጦ ዳር አንድ ትልቅ የደጋ አጋዘን ወንድ ወጣ፤ ብዙ ቢባል 150 ሜትር ይርቀናል። ተተኮሰ፤ እንስሳው ጀርባውን ቀልብሶ ተፈተለከ። ደርሼ ሳየው የኮሶ ቅጠል ላይ ምስር የምታህል ደም አለች፤ አጠገቧ ደግሞ አረንጓዴ ነገር ተለጥፏል። ያ አረንጓዴ የጨጓራ ሣር ነው፤ ሆዱን ተመትቷል ማለት ነው። ሁለት ቀን ተከተልነው። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ጅረት ዳር ተኝቶ አገኘነው፤ ገና አልሞተም ነበር። የደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለም፤ ተወልዶ የሚያልቀው እኛ ዘንድ ነው። የዚያን ቀን ዓይኑን ካየሁ ወዲህ ሰው ሊሸከመው የማይችለውን ጠመንጃ ሲገዛ ዝም ብዬ አላይም።

እንግዲህ 308ን የመረጥኩልህ በዚህ ነው። ተመሳሳይ ክብደት ባለው ጠመንጃ የ375 ርግጫ፣ ማለትም ትከሻህን ወደ ኋላ የሚገፋበት ኃይል፣ የ308ን እጥፍ ገደማ ነው። በአንድ ከሰዓት ሃያ ጥይት በ308 ተኩሰህ ትከሻህን ሳያምህ ወደ ቤትህ ትገባለህ፤ በነገታውም ደግሞ መተኮስ ያምርሃል። ሰው ተኩስ የሚማረው ደጋግሞ በመተኮስ ነው። ጥይቱ በ1952 እ.ኤ.አ. ወጣ፤ ከጦር ሠራዊቱ 7.62 በ51 ጋር የቅርብ ዘመድ ስለሆነ በዓለም ላይ በብዛት ከሚመረቱት አንዱ ነው። ለዒላማ ተብሎ የሚሠራውም፣ ለአደን የሚሠራውም በየዓይነቱ አለ። ለከርከሮ፣ ለድኩላ፣ ለደጋ አጋዘንም፣ ቦታው ላይ ካሳረፍከው ይበቃል። 30-06 ደግሞ የ1906 እ.ኤ.አ. ነው፤ ስሙም ከዚያ የመጣ ነው። ቀለሁ ረዘም ይላል፤ ኃይሉ በትንሹ ይበልጣል። አባቶቻችን «ኤም ዋን» ሲሉት የኖሩት የቃኘው ዘማቾች መሣሪያ የሚተኩሰው ይህንኑ ነው። እነ ምንሽር፣ እነ ውጅግራ፣ እነ ቤልጅግ በስም እንደ ልጅ በሚጠሩበት አገር አድገን ስለ ጥይት መጠን አለመነጋገራችን ሁልጊዜ ይገርመኛል።

አሁን ወደ ብረቱ። አደን ብቻ ቢሆን ቀጭንና ቀላል አፈሙዝ ይሻል ነበር፤ ዳገት ላይ ስትወጣ ግማሽ ኪሎም ትከብዳለች። ዒላማ ብቻ ቢሆን ወፍራሙ ይሻል ነበር። ቀጭን አፈሙዝ ከአራት አምስት ጥይት በኋላ ይግላል፤ ሲግል የሚመታበት ቦታ መንከራተት ይጀምራል። አንተ ሁለቱንም ስለፈለግህ መካከለኛውን ውሰድ፤ መነጽሩን ጨምሮ ከ4 ኪሎ ባይበልጥ። ልምምድ ላይም ሦስት ተኩሰህ መቀባበያውን ከፍተህ ተወው። አፈሙዙን በእጅህ ስትይዘው የማያቃጥልህ ሲሆን ቀጥል።

ሰደፉ ልክህ መሆኑን ሳታይ አትግዛ። ባዶ መሆኑን ሁለት ጊዜ አረጋግጥ፤ ክርንህን አጥፈህ የሰደፉን ጫፍ ክርንህ ውስጥ አሳርፈው። የሌባ ጣትህ የመጀመሪያው አንጓ ምላጩ ላይ በምቾት ከደረሰ ርዝመቱ ልክህ ነው። ቀጥሎ ዓይንህን ጨፍነህ ወደ ትከሻህ አምጣውና ጉንጭህን አሳርፈህ ግለጥ። መነጽሩ ውስጥ ሙሉ ክብ ከታየህ ጠመንጃው ለአንተ የተሠራ ነው። ጨረቃ የመሰለ ጥቁር ጥላ ከታየህና አንገትህን ማንቀሳቀስ ካስፈለገህ፣ ሻጩ የቱንም ያህል ቢያሞግሰው መልሰው። መነጽሩ ከ3 እስከ 9 ጊዜ የሚያቀርብ፣ የፊት መስተዋቱ 40 ሚሊ ሜትር የሆነ ይበቃሃል። ጫካ ውስጥ 3 ላይ አድርገህ ሂድ፤ 9ኙ ለካርቶን ነው።

ማስተካከሉን በ100 ሜትር ጀምር። እኛ ካምፕ ውስጥ የማካሮኒ ካርቶን ገልብጠን የቡና ስኒ አፉን ደፍተን በከሰል ዙሪያውን እናሰምር ነበር። ጠመንጃውን አሸዋ የሞላ ከረጢት ላይ አስደግፈህ ሦስት ተኩስ። ሦስቱም በአንድ የስኒ አፍ ውስጥ ከገቡ፣ ስኒው ካርቶኑ ላይ የትም ቦታ ይሁን፣ ጠመንጃው ጥሩ ነው፤ ቀሪው የመነጽሩን ቁልፍ ማዞር ነው። በአብዛኛው መነጽር አንድ «ቀጭ» በ100 ሜትር ላይ 7 ሚሊ ሜትር ያህል ያንቀሳቅሳል። ከመሃል 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ እንዲመታ አድርገው፤ እንዲያ ሲሆን በ200 ሜትር መሃሉ አካባቢ ያርፋል። ደን ውስጥ ከዚያ ርቀት በላይ የሚተኮስበት አጋጣሚ ብዙ አይደለም። ጥይት ስትቀይር፣ ፋብሪካው ብቻ እንኳ ቢለወጥ፣ እንደገና ካርቶን ላይ ተኩሰህ አረጋግጥ።

አንድ ልምምድ አደራ የምልህ አለ። ጓደኛህ ከኋላህ ሆኖ አንዴ ጥይት ያጉርስልህ፣ አንዴ ባዶውን ያቀባብልልህ፤ የትኛው እንደሆነ አይንገርህ። ባዶው «ቀጭ» ሲል አፈሙዙ ወደ ታች ከወረደ ድንጋጤ ይዞሃል ማለት ነው። ያን እንግዳ በዚህ ብንፈትነው ኖሮ ያ አጋዘን ሆዱን አይመታም ነበር። ቤት ውስጥም ጥይቱን ሌላ ክፍል አስቀምጠህ፣ ባዶነቱን አረጋግጠህ፣ በባዶ ምላጭ መሳብን ተለማመድ፤ 308 አይጎዳውም። 22 ግን እንዲህ አይደረግም፤ መርፌው ጥይቱ የሚጎርስበትን ቀዳዳ ጠርዝ ይቀጠቅጠዋል።

አዳማ ሜዳ ላይ ስለምትለማመድ ዳገቱን አትርሳ። አርሲ ተራሮች ላይ ወደ ላይም ሆነ ወደ ታች ስትተኩስ ጥይቱ ከጠበቅኸው ከፍ ብሎ ይመታል። ገደሉ 30 ዲግሪ ከሆነ፣ በዓይንህ 300 ሜትር ያልከውን እንደ 260 ቁጠረው። ደግሞ ዳገት ወጥተህ ልብህ እየደለቀ አትተኩስ። ተቀመጥ፣ ትንፋሽህ ይመለስ። እንስሳው ከሄደ ይሂድ።

አቀማመጡን ባጭሩ፦ በቆዳ ማኅደሩ ውስጥ አታሳድረው፤ ቆዳ እርጥበት ይይዛል፣ ብረቱም ይዝጋል። እኔ ሐዋሳ ሐይቁ ዳር ስለምኖር ይህን በኪሳራ ነው የተማርኩት። በቀጭን ዘይት ወልውለህ፣ መቀባበያውን ነቅለህ ለብቻው፣ ጥይቱን ለብቻው ቆልፍባቸው። ቁልፉ ልጆች የማያውቁት ቦታ ይሁን።

ጥያቄ፦ ወንዶ ገነት አካባቢ ትንሽ የበቆሎ ማሳ አለኝ። ከርከሮ ሌሊት እየገባ ያወድምብኛል። ወንድሜ ፈቃድ ያለው ጠመንጃ አለው። እሱ ቢተኩስልኝ ያስጠይቀናል?

— እናት፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ እህቴ፣ ያስጠይቃችኋል። ወንድምዎ የያዘው ፈቃድ መሣሪያውን እንዲይዝ እንጂ የዱር እንስሳ እንዲገድል አይደለም። በ1999 የወጣው የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541 ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል። ሌሊት በማሳ መካከል መተኮሱ ደግሞ ከሕጉም በላይ ያስፈራኛል፤ በዚያ አካባቢ ጎረቤትም ማሳውን ሲጠብቅ ያድራል፤ በጨለማ ከርከሮና ጎንበስ ያለ ሰው አይለዩም። ጉዳቱን በቀን ፎቶ አንስተው ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ያመልክቱ። እስከዚያው ከጎረቤት ጋር ተባብረው በማሳው ዳር ቦይ ይቆፍሩ። ከርከሮ ጥልቅ ቦይ መሻገር አይወድም፤ ከጫካው በኩል ያለውን ወገን ብቻ ቢቆፍሩት እንኳ ልዩነቱን ያዩታል። ወንድምዎንም በእኔ ስም ጠመንጃውን ቆልፎ እንዲተኛ ይንገሩልኝ።