ዝሆኑ እውነተኛ ብር ነው?

ጥያቄ፦ አክስቴ ከውጭ ስትመጣ ዝሆን ያለበት የሶማሊያ የብር ሳንቲም አመጣችልኝ። ደሴ ፒያሳ ወርቅ ቤት ባሳይ «ፍቀን በአሲድ ካልፈተንነው አናውቅም» አሉኝ። ሳይፋቅ ማወቅ አይቻልም? ጠርዙም ቢጫ እያለ ነው፤ በሎሚና በአመድ ልወልውለው? (አንባቢ፣ ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ እንዳያስፍቁት። የዝሆኑ ምስል በየዓመቱ ስለሚለወጥ ሰብሳቢ የሚከፍለው ላልተነካው ነው፤ የተፋቀው በግራም ሂሳብ ይሄዳል።

ባለ አንድ አውንሱ ሳንቲም 31.1 ግራም ይመዝናል፣ ስፋቱ 39 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በጀርባው ሁለት ነብሮች የያዙት የሶማሊያ አርማ አለ። ማግኔት ከሳበው ሐሰተኛ ነው፤ ካልሳበው ግን ገና ምንም አልተረጋገጠም፣ መዳብም አይሳብምና።

ቁርጡን የሚነግርዎ ውሃ ነው። እስከ 0.01 ግራም የሚያነብ ሚዛን ይፈልጉ፤ የወርቅ ቤቶቹ ይበቃል። ግማሽ ብርጭቆ ውሃ ጭነው ሚዛኑን ወደ ዜሮ ይመልሱ። ሳንቲሙን በቀጭን ክር አንጠልጥለው ሙሉ በሙሉ ይንከሩት፤ ታቹንም ጎኑንም አይንካ። 2.96 አካባቢ ካነበበ ደህና ነው፦ 31.1 ለ2.96 ሲካፈል 10.5 ይሆናል፣ የብር እፍጋት ማለት ነው። የመዳብ ቅይጥ ቢሆን ወደ 3.5 ያነብ ነበር። የአየር አረፋ ከተጣበቀበት ንባቡ ከፍ ስለሚል እውነተኛው ሐሰተኛ ይመስላል፤ ነቅነቅ አድርገው ይድገሙት።

በማርትሬዛ እየለኩ የሚፈርዱም አሉ። ማርትሬዛ 28 ግራም ገደማ ነው፣ ስድስተኛ እጁም መዳብ ነው። የእርስዎ ከ1000 እጅ ቢያንስ 999 ብር ስለሆነ ድምፁም ቀለሙም ቢለይ አይደንግጡ።

ቢጫው ድኝ ያለበት አየር የሚያመጣው ነው፤ እየቆየ ይጠቁራል እንጂ ብሩን አይበላውም። ይተዉት። ንጹሕ ብር ለስላሳ ነው፣ አመድ ይቧጭረዋል፣ ጭረቱም አይመለስም። በጠርዙ ብቻ ይያዙት፤ 39 ሚሊ ሜትር ጠንካራ የፕላስቲክ ማቀፊያ ውስጥ ያስገቡት። ላስቲክ፣ ሱፍና ጋዜጣ አይጠጉት፣ ድኝ አላቸው። ለስላሳው የፕላስቲክ ኪስ ደግሞ ከጊዜ በኋላ አረንጓዴ ሙጫ ይተፋል፤ ያ በንጹሕ አሴቶን ይለቃል፣ በባለ ሽቶው የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ግን አይሞክሩት። ከጫማ ካርቶን የሚወጣውን የእርጥበት መጣጭ ከረጢት ሳጥኑ ውስጥ ይጨምሩ፤ ጉም ለማይለያት ለደሴ ሰብሳቢዎች ይህ የግድ ነው።

ነጭ ነጠብጣብ ቢያዩ ሌላ ነገር ነው። ከማምረቻው የሚመጣ እንከን ስለሆነ በማሸት አይለቅም።