ትርፌ ከየት ይመጣ እንደነበር

ልጆቼ፣ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በተቋራጭነት ነው። አሁን ጡረታ ስለወጣሁ ይህን መናገር ገበያዬን አይጎዳውም፦ ደህና ትርፍ ያገኘሁት አርክቴክት ካልቀጠሩ ባለቤቶች ነው። አልሰረቅኳቸውም። ቀድመው ያልወሰኑትን ነገር በሥራው መሃል እያስከፈልኩ አስወሰንኳቸው እንጂ።

ጨረታ ላይ ተወዳዳሪ ስላለ ዋጋዬን ዝቅ አደርግ ነበር። ውሉ ከተፈረመ በኋላ ግን ብቻዬን ነኝ። ባለቤቱ ግድግዳው ቆሞ ሲያየው "ይሄ ክፍል ጠበበኝ፣ በሩም ወዲያ ይዙር" ይላል። ማፍረሻውን፣ ቆሻሻ ማንሻውን፣ እንደገና መሥሪያውን፣ የባከነውን ቀን ደምሬ ዋጋ እነግረዋለሁ። ምን አማራጭ አለው? ይከፍላል። ያው በር ወረቀት ላይ ቢሆን የሚያስፈልገው ላጲስ ብቻ ነበር።

አርክቴክት ይዞ የሚመጣ ባለቤት ንድፉንና ከንድፉ የወጣውን የሥራ መጠን ዝርዝር ይዞ ነው የሚመጣው። ስንት ሜትር ኩብ ኮንክሪት፣ ምን ዓይነት በር፣ ስንት ካሬ ሴራሚክ፣ ሁሉም ተጽፏል። ስለዚህ ሁላችንም ለአንድ ዓይነት ሥራ ዋጋ እንሰጣለን። ዝርዝር በሌለበት ግን ርካሽ የሚመስለው ተቋራጭ ብዙውን ጊዜ ግማሹን ሥራ ያልቆጠረ ነው። እኔም አድርጌዋለሁ።

አንድ ጊዜ ባለቤቱ ራሱ በሳለው ንድፍ መሠረት ወደ ፎቅ መውጫ ደረጃ ሠርተን ስንጨርስ፣ ሰው ጎንበስ ሳይል የማይወጣበት ሆኖ ተገኘ። ከላይ ያለውን የሶሌታውን፣ ማለትም የኮንክሪት ወለሉን፣ ጠርዝ ቆርጠን ነው የተገላገልነው። ለዚያ የከፈለኝ፣ ለአርክቴክት አልከፍልም ብሎ ካስቀረው ገንዘብ ይበልጥ ነበር።

የቦታውን ነገር ደግሞ አስቡት። በ200 ካሬ ቤት ውስጥ ኮሪደሩ 30 ካሬ ከያዘ፣ ከመቶ 15 እጁን ማንም ለማይቀመጥበት ቦታ ከፈላችሁ ማለት ነው። መሠረቱ፣ ወለሉ፣ ጣሪያው፣ ቀለሙ እዚያም አለ። ሁነኛ አርክቴክት ከዚያ ላይ ቀንሶ ወይ ክፍል ያሰፋላችኋል፣ ወይ ቤቱን ራሱን ያሳንሰዋል። ወጥ ቤትና መታጠቢያ ቤትን ጀርባ ለጀርባ ሲያደርግ ቧንቧው ያጥራል። ቤቱን ስለሚሸከመው ምሰሶ፣ ስለ ኮለንም ልንገራችሁ፦ በሁለት ኮለኖች መካከል ያለው ርቀት ከ4 ወደ 6 ሜትር ሲሰፋ፣ በየሜትሩ ያለው ጭነት ባይለወጥ እንኳ ቢሙን (በኮለኖቹ ላይ የሚጋደመውን ተሸካሚ) የሚያጎብጠው ኃይል 2.25 እጥፍ ይሆናል። ለዚያ የሚጨመረውን ፌሮ የምትገዙት እናንተ ናችሁ። ስሌቱ የመሐንዲሱ ቢሆንም፣ ኮለኑ የት ይቁም የሚለው ጥያቄ የሚነሳው ከአርክቴክቱ እርሳስ ሥር ነው። ሰፊ ሳሎን መፈለግ መብታችሁ ነው፤ ዋጋውን ቀድሞ የሚነግራችሁ ሰው ግን ይኑር።

አጥር ለማደስ ወይም ቀለም ለመቀባት አርክቴክት አያስፈልግም፣ ገንዘባችሁን አትጣሉ። ለቤት ግን መሬት ሳትቆፍሩ ጥሩት፤ ያላችሁንም ገንዘብ ሳትደብቁ ንገሩት። በጀታችሁን ካላወቀ ልትሠሩት የማትችሉትን ቤት ይስልላችኋል፣ ከዚያ እንደገና ማሳነስ ይመጣል።

ንድፉን ከተቀበሉ በኋላ "ከዚህ ወዲያ እኔ ራሴ እከታተላለሁ" ብለው አርክቴክቱን የሚያሰናብቱም ነበሩ። እነሱንም እወዳቸው ነበር። ክፍያ ስጠይቅ፣ ሠራሁ ያልኩትን ከንድፉ ጋር አመሳክሮ የሚለካ ሰው አይኖራቸውማ።